ጥርሴ ሚዛን የነበረ ጊዜ

እህል በጥርሳችሁ እየሰበራችሁ የምትገዙ ሰዎች ካላችሁ፣ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። ሌላው ሰው ቢያነበውም አይጎዳውም። የደረሰብኝን ስናገር ብዙ ሰው «ከአንዲት የገብስ ፍሬ?» ብሎ ይስቃል። እኔም በነሱ ቦታ ብሆን እስቅ ነበር። አሁን ግን አፌ የሚከፈተው በአንድ ወገን ብቻ ስለሆነ ሳቅ አያምርብኝም።

አሰላ ከተማ እህል ነጋዴ ነበርኩ። አባቴም እህል ነጋዴ ነበር፤ ወንድ ልጅ ስላልወለደ ሙያውን ለእኔ አወረሰኝ። በእህል ሙያ ትልቁ ነገር ሚዛን አይደለም፣ ጥርስ ነው። የበቆጂ ገብስ ከብርዱ አገር ሲመጣ እርጥበቱን ይዞ ይመጣል። አንዳንዱ ባለ እህል ደግሞ ጆንያው እንዲከብድለት ማታ ውሃ ያርከፈክፍበትና ጠዋት «ትናንት ከአውድማ የወጣ ነው» ብሎ ይምላል። ዓይን ይታለላል፣ እጅም ይታለላል። ጥርስ ግን አይታለልም። እጅን ጆንያው ውስጥ እስከ ክርን አስገብቶ ጥቂት ፍሬ ማውጣትና በመንጋጋ ጥርስ መስበር ነው። ቀጭ ካለ ደርቋል፣ ጎተራ ይገባል። ከተጨፈለቀ ውሃ አለበት። ያኔ ባለቤቱን «ወንድሜ፣ የምትሸጥልኝ እህል ነው ወንዝ?» እለዋለሁ፤ ገበያው ይስቃል፣ ዋጋው ይወርዳል።

ኢተያም ሆነ ዴራ የሚያውቁኝ በዚህ ነበር። «የእልፍነሽ ጥርስ ሚዛን ነው» ይሉኝ ነበር። ባለቤቴ በቀለ ጆንያ ያስጭናል፣ ሒሳብ ይይዛል፤ የመግዛቱ ነገር ሲመጣ ግን «ነይማ፣ ንከሽልኝ» ብሎ ይጠራኛል። ደስ ይለኝ ነበር። ለምን እዋሻለሁ፣ ከመልኬ ይልቅ በጥርሴ እኮራ ነበር።

ስንዴ ሲወቃ ራቁቱን ይወጣል። ገብስ ግን ቅርፊቱን እንደለበሰ ነው፤ ጢሙም በጣት ወደ ኋላ ሲያሹት እንደ መጋዝ ይይዛል። በአንድ የመኸር ወራት ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ አውድማ ገብስ ለመግዛት ሄደን፣ እንደ ልማዴ ቆንጥሬ ነከስኩ። ቀጭ አለ። «ይጫን» አልኩ። ከዚያ ምላሴ ከመጨረሻው መንጋጋ ጥርሴ ኋላ የተሰነቀረ የቅርፊት ስባሪ አገኘች። በእንጨት ስፈነቅለው ተሰበረና ግማሹ ድዴ ውስጥ ቀረ። ይህን ያህል ነገር ለሰው አይነገርም። ራሱ ይወጣል ብዬ ተውኩት፤ የኢተያ ገበያ ነበረብኝ።

ልጄ ፀዳለ ያን ሰሞን ጥርስ እያበቀለች ነበር። ድዷ ሲያሳክካት ትነጫነጫለች፤ ያኔ ጣቴን አፏ ውስጥ አስገብቼ አሽላታለሁ፤ አጥብቃ ነክሳ ትይዘኝና ትስቃለች። እናትና ልጅ በአንድ ሰሞን ድዳችንን ታመምን። በቀለ «አንቺም እንደሷ ልታበቅይ ነው እንዴ?» እያለ ያሾፍብን ነበር።

የእኔ ግን አልተወም። መንጋጋዬ ሥር እንደ ለውዝ ያለ እብጠት ወጣ። ሲነኩት ብዙም አያምም፤ ያዘናጋኝም ይኸው ነው። አማቴ እማማ አስካለ አዩና «ጥርስ ነው፣ ይነቀል» አሉ። ገበያ ዳር ተቀምጦ በጉጠት ጥርስ የሚነቅል ሰው ነበር፤ ራሴን በጉልበቱ መሐል አስገብቶ ደህናውን ጥርሴን ነቀለው። ሳይሻለኝ ሲቀር ቀጥሎ ያለውንም ነቀለው። ዋጋውን ሲቀበል «ሥሩ ነበር የበሰበሰው» አለኝ። ጥርሱን ግን አየሁት፤ ሥሩ ነጭ ነበር።

ከዚያ በኋላ እብጠቱ ደረቀ። እንደ ቡግንጅ አይለሰልስም፣ እንደ እንጨት ነው። ከታች ጉንጬን ይዞ ወደ አንገቴ ወረደ። አፌ እየጠበበ መጣ፤ መጀመሪያ ጉርሻ እምቢ አለኝ፣ ቀጥሎ ማንኪያ። አንድ ቀን ጠዋት ፊቴን ስታጠብ እጄ ላይ እርጥብ ነገር ተሰማኝ፤ ቆዳው ራሱ ፈንድቶ ነበር። የወጣውን መግል በጨርቅ ስጠርግ፣ ጨርቁ ላይ ጥቃቅን ቢጫ ፍሬዎች አየሁ። ልክ ጤፍ ያህላሉ። በጣቴ ባሻቸው ይደቃሉ።

እዚህ ላይ ነው ሰዎች የማይገባቸው። እህል ነጋዴ ናትና ከጉንጯ እህል መሳይ ነገር ወጣ ቢባል፣ አሰላ ምን እንደሚል አውቃለሁ። እኛ አገር ቁና እያጎደለ የድሃ እህል የበላ ሰው፣ የበላው እህል ከሥጋው ይወጣል ይባላል። ልጅ ሆኜ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ እግሩ ሲቆስል ሴቶች «ስንዴ ይፈሰዋል» ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ቁና አጉድዬ አላውቅም። ግን ማን ያምነኛል? ጨርቁን እሳት ውስጥ ጣልኩት። ከዚያም ቀን በኋላ ቁስሌን ተደብቄ አጥባለሁ፣ ጨርቁን አቃጥላለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ከእናቴ ጡት ጋር የጠጣሁት ሰው፣ የበሽታዬን ዋና ምልክት በገዛ እጄ አመድ አደረግኩት።

በከተማው ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ አንድ ድሬሰር ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም። አየኝና ፔኒሲሊን ወጋኝ። የዚያን ዘመን ሰው ፔኒሲሊንን እንዴት እንደሚያምን የዛሬ ልጅ አያውቅም። ሳምንት ሳይሞላ እብጠቱ ጎደለ፣ አፌ ተላቀቀ፣ እንጀራ በላሁ። «ድነሻል፣ በቃሽ» አለኝ። እማማ አስካለ ጠላ ጠመቁ። እኔም ፀዳለን አዝዬ ገበያ ወጣሁ፤ ገብስ ግን በጣቴ ብቻ ነካሁ።

ጠላው ሳያልቅ እብጠቱ ተመለሰ። እንደገና ተወጋሁ፣ እንደገና ጎደለ፣ እንደገና ተመለሰ። ሲመለስ ሁሌ ካለፈው ሰፍቶ ነው፤ አንድ የነበረው ቀዳዳ ሦስት ሆነ። ድሬሰሩ በመጨረሻ መርፌውን አስቀመጠና ለእኔ ሳይሆን ለበቀለ ነገረው።

«ፔኒሲሊን ያልበገረው ከሆነ ነቀርሳ ነው» አለው። «የአንገት ነቀርሳ፤ ሳምባ ላይ ሲወጣ ቲቢ የሚሉት። ሕፃን አለች አይደል? ለሕፃን ይተላለፋል። ለዩዋት።»

በቀለ ይህን ሲነግረኝ ፊቴን አላየም። እማማ አስካለ ግን ፊት ለፊት ነበር የሚናገሩት፤ በዚህ አልወቅሳቸውም።

«ልጄ፣ ሞት ያለ ነው። ሕፃኗን ይዘሽ አትሂጂ እንጂ» አሉኝ።

የበቀለ እኅት ይመኙሻል በቆጂ ነበር የምትኖረው። እግዚአብሔር ልጅ አልሰጣትም። መጥታ ፀዳለን ስትወስድ ቤት ውስጥ አልገባችም፤ ደጅ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ጠበቀች። ልጄን ልስማት አልፈቀዱልኝም። በበሩ ስንጥቅ አየኋት። እየሳቀች ነበር፤ መኪና ላይ እንደምትወጣ ነግረዋታል። ፀዳለ አልዞረችም፤ ልጅ ምን ያውቃል፣ እናቷ ከበሩ ኋላ እንደቆመች ማን ነገራት?

ከዚያ ቀን ጀምሮ የነበርኩበትን ሕይወት ሕይወት ብዬ ልጠራው አልችልም። ብርጭቆዬ ተለየ። ሳህኔ ተለየ። በቀለ አልጋውን ወደ እህሉ ክፍል አዛወረ፤ «ጆንያ እጠብቃለሁ» አለ፤ ጆንያውን ማን ሊሰርቅ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ሌሊት አፌ ጨርሶ ይቆልፍና አንድ ቀን ትንፋሼንም ይዘጋዋል እያልኩ በፍርሃት ቁጭ ብዬ አነጋለሁ። ጠበል ተጠመቅኩ፤ ውሃው ደስ ይላል፣ ቁስሉ ግን አልሰማውም። ለመተኮስም ሄድኩ፤ በጋለ ብረት አንገቴ ላይ ሦስት ቦታ አሳረፉብኝ። እሱን ጠባሳ ዛሬም ሰው የበሽታው ይመስለዋል። የአባቴን በቅሎ ሸጥን። ሌላም የሸጥነው ነበር፤ ሆድ ይፍጀው።

በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ አልሸሸኝም። ጎረቤቴ አደ ፋጡማ ቅቤ ነጋዴ ነበሩ፤ በዕድሜ ይበልጡኛል፤ «አደ» የምላቸው በኦሮምኛ ወይዘሮ ለማለት ነው፤ አማርኛቸውን በኦሮምኛ እያጣፈጡ ይናገራሉ። ማኘክ እንደማልችል ስላወቁ በሶ በቀጭኑ በጥብጠው፣ ቅቤ ጠብ አድርገው ያመጡልኛል። አንድ ቀን ጽዋውን ስመልስላቸው አማቴ እያዩ ነበር።

«አደ፣ እጠቡት እንጂ፣ ነቀርሳ ነው» አልኳቸው።

«ዲሲ!» አሉኝ፤ ተይ ማለታቸው ነው። «እኔ አላህን ነው የምፈራው፣ ጽዋ አልፈራም።» ከዚያ የተረፈኝን በሶ እዚያው ቆመው ጨለጡት። አፋቸውን በእጃቸው ጠርገው፣ አማቴን ዓይን ዓይናቸውን እያዩ «በጣም ይጥማል» አሉ። ያን ቀን አለቀስኩ። ልጄ ስትሄድ እንኳን እንደዚያ አላለቀስኩም።

ገብስ የወጋኝ፣ ገብስ ያቆየኝ ሰው ነኝ። ምን ይባላል።

አዲስ አበባ ሂጂ ያሉኝም እሳቸው ናቸው። በቀለ «ነቀርሳ ከሆነ ምን ሊጨምሩላት?» አለ። ደክሞት ነበር፤ አልፈርድበትም። አደ ፋጡማ ግን ቅቤ ለመሸጥ ናዝሬት የሚወርዱበትን ቀን ከእኔ ጉዞ ጋር አደረጉና አውቶቡስ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። በሻሽ ተሸፋፍኜ እንኳ ሽታው አልተደበቀም፤ ከፊታችን የነበሩት ሰዎች መስኮት ከፈቱ። አደ ፋጡማ «ቅቤዬ ነው፣ ትንሽ ከርሟል፣ አትቀየሙኝ» አሉ። ጥሩ ቅቤ ነጋዴ ናቸው፤ ስለ እኔ ሲሉ የቅቤያቸውን ስም አጠፉ። ናዝሬት ተሰነባበትንና እኔ ብቻዬን ቀጠልኩ።

አዲስ አበባ በጃንሆይ ላይ የተነሳው የታኅሣሡ ግርግር ወሬ ገና አልበረደላትም፤ አክስቴ ቤት ያረፍኩ ጊዜ ሰው የሚያወራው እሱን ብቻ ነበር። እኔን ግን የከነከነኝ የሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ነው። ጎህ ሳይቀድ ተሰልፎ ቁጥር መያዝ፣ ከዚያ መቀመጥ። በእኔ ግራና ቀኝ ያለው ቦታ ሁሌ ባዶ ነው። ሰልፉ እስከ ውጭ ድረስ ሞልቶ እናቶች ቆመው ልጅ ያጠባሉ፣ እኔ አጠገብ ግን የሚቀመጥ የለም። አንዲት ሕፃን እየዳኸች መጥታ ቀሚሴን ስትይዝ እናቷ እንደ እባብ ያየች ያህል ዘላ አነሳቻት። «አይዞሽ፣ እኔም እናት ነኝ» ልላት ፈልጌ ነበር። አፌ ግን አልከፈት አለኝ፤ ከበሽታው ይሁን ከኀዘን አላውቅም።

ተራዬ ሲደርስ የገባሁበት ሐኪም ፈረንጅ ነበር፤ አንዲት ወጣት ነርስ ታስተረጉምለታለች። ከሱ በፊት በሌላ ቀን ያዩኝ ሐኪሞች ከሩቅ ነበር የሚመለከቱኝ። እሱ ወንበሩን አስጠግቶ፣ እብጠቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ዳሰሰው። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀ፤ ነርሷ ተረጎመችው።

«ከቁስሉ ፍሬ መሳይ ነገር ወጥቶ ያውቃል ወይ? ቢጫ፣ ጥቃቅን?»

እስከዚያ ቀን ድረስ ለባሌ እንኳ አልነገርኩም። ይህ ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው የአሰላን ሐሜት ከየት ሰማ? ሻሼን መልሼ ጉንጬ ላይ ሳብኩት። ነርሷ ቀና ብላ አየችኝና በራሷ ቃል «እታለም፣ ካለ ተናገሪ፤ ኃጢአት አይደለም» አለችኝ።

«አለ» አልኩ። «ከመጀመሪያው ጀምሮ አለ።»

ሐኪሙ ደስ አለው። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ እኔ የዓመት እፍረቴን ስናገር ሰውየው ፈገግ አለ! ቁስሉን ጫን አድርጎ ከመግሉ አንዱን ፍሬ ለቀመ፣ በሁለት ስስ መስታወት መሐል ደፈጠጠው፣ ይዞት ሄደ። ሲመለስ ጠራኝና በአጉሊ መነጽሩ እንዳይ አደረገኝ። መጀመሪያ የራሴን ሽፋሽፍት ነው ያየሁት። ኋላ ግን ታየኝ፤ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ክር፣ ጫፍ ጫፉ ወደ ውጭ የተበተነ፣ ልክ ጢም ያለው የገብስ ዛላ።

«ገብስ ነው» አልኩ።

«ገብስ አይደለም» አለች ነርሷ፣ እሱ የሚለውን እየተከተለች። «ሕይወት ያለው ረቂቅ ነገር ነው። በአንቺም፣ በእኔም፣ በሱም አፍ ውስጥ ይኖራል፤ ድድ ካልተወጋ ክፉ አያደርግም። ምን ወጋሽ?»

የቅርፊቱን ነገር ነገርኳቸው። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ፤ ገበሬዎች ባሉበት አገር ሁሉ እንዲህ ያለ ሕመም ያጋጥማል አለ። ከዚያ ወረቀት ላይ እየሣለ ያስረዳኝ ጀመር። ጊዜ ነበረው ብዬ አይደለም፤ ውጭ ሰልፉ እየጮኸ ነበር። ያስረዳኝ የሚያዝልኝን የብዙ ወር የፔኒሲሊን መርፌ እንዳላቋርጥ ፈርቶ ነው።

ያለኝ እንደዚህ ነው። ገብስ ከውጭ ቅርፊት አለው፤ ይህን እኔም አውቃለሁ። ውስጡ ግን በዓይን በማይታዩ ክፍሎች የተሠራ ነው፣ እያንዳንዷ ክፍል ደግሞ የራሷ ግንብ አላት፤ ተክል ሁሉ እንዲሁ ነው። ገለባ ያለ አጥንት ቀጥ ብሎ የሚቆመው በዚህ ግንብ ነው። ጉንጬ ውስጥ የገቡት ረቂቅ ነገሮችም እያንዳንዳቸው በግንብ ውስጥ ነው የሚኖሩት፤ የነሱ ግንብ ከተክሉ በሌላ ጭቃ የተሠራ ነው። ፔኒሲሊን ያንን ግንብ አያፈርስም።

«ታዲያ ምን ያደርጋል?» አልኩ።

«ግንበኛውን ያስተጓጉላል» አለች ነርሷ። «ረቂቁ ነገር ሲያድግ ግንቡን ማስፋት አለበት። መድኃኒቱ ያን ጊዜ ይደርስና ግንቡ ክፍተት እንዲኖረው ያደርጋል፤ ውሃ ይገባና ይፈነዳል። ግንብ የማይሠራውን፣ የተኛውን ግን አይነካውም። አሰላ ስትወጊ የነቁት ሞቱ፣ የተኙት ተረፉ። አንቺ ስታቆሚ እነሱ ነቁ። እስኪነቁ እየጠበቅን ነው የምንገድላቸው፤ ብዙ ወር ይፈጃል።»

«እኔንስ አይገድለኝም?»

ይህን ሲተረጎምለት ሐኪሙ ክንዴን ቆንጠጥ አደረገ። «የሰው ሥጋ ግንብ የለውም» ብሏል አለችኝ። «ሰው ስስ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ በእኛ ላይ የሚያበላሸው ግንብ አያገኝም።»

ሰው ስስ ነው። ይህ አነጋገር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ልነሳ ስል ትዝ ያለኝን ጠየቅኩ፤ ጠየቅኩ እንጂ መልሱን አውቀው ነበር።

«ልጅ አለችኝ። ለሷ እንዳይተላለፍባት ስንት ጊዜ ተለይቼ ልቆይ?»

ሐኪሙ ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አስደገማት። ከዚያ አጭር መልስ መለሰ።

«አይተላለፍም» አለችኝ ነርሷ። «ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይሄድም። ልጅሽን መለየት አያስፈልግሽም ነበር።»

ነቀርሳ ብሎኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሰው ይህን ስናገር ይቆጣል፣ ግን እውነቴን ነው። ነቀርሳ ቢሆን ኖሮ ያ የተዘጋ በር፣ ያ ያልሳምኳት ልጅ፣ ለሷ ብዬ የከፈልኩት ይሆን ነበር። አሁን ግን ለምንም አልሆነም። ያን ጨርቅ ሳላቃጥል ለአንድ ሰው አሳይቼው ቢሆን ኖሮ ልጄ ከጉያዬ አትወጣም ነበር። ከሆስፒታሉ ወጥቼ መንገድ ዳር ተቀመጥኩና፣ የመዳን ተስፋ በተሰጠኝ ቀን፣ ሞቴን ተመኘሁ።

የመጀመሪያውን ወር እዚያው ተወጋሁ፤ ቀሪውን አሰላ ሄጄ እንድጨርስ ወረቀት ተጻፈልኝ። ያው ድሬሰር ወረቀቱን አነበበው፣ ደጋገመው፣ ከዚያ «እልፍነሽ፣ እኔ…» ብሎ አቆመ። «ውጋኝ» አልኩት። ሌላ ምን እለዋለሁ? እሱም በተማረው ልክ ነው የሠራው። ከዚያ በኋላ ዝናብ ቢሆን ብርድ ቢሆን አንድ ቀን አላስታጎለብኝም። ቂጤ እንደ ሰሌዳ ደርቆ መርፌው ይጎብጥ ነበር። በየቀኑ ስወጋ የተኙትን አስባለሁ፤ «ንቁ፣ ንቁና ግንባችሁን ሥሩ» እላቸዋለሁ። ለጠላቴ መንቃት የጸለይኩ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

በቀለን ፀዳለን አምጣልኝ አልኩት። እናቱን አማከረ። እማማ አስካለ ቁስሌን አዩና «ፈረንጅ የእኛን በሽታ ከየት ያውቃል? ገና ይፈሳል እኮ። ይድረቅና ትመጣለች» አሉ። ይመኙሻልም ከበቆጂ «ብርድ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ልጅቷ ጉንፋን ይዟታል» እያለች ትልካለች። ልጅ ባልወለደች ሴት ላይ መጨከን አልቻልኩም፤ ማዘንም አልቻልኩም። ራሴ ልሄድ ብዬ ተነሳሁ፤ መርፌው ያዘኝ። አንድ ቀን ካቋረጥኩ የተኙት ይተርፋሉ። እንዲህ ሆኜ፣ አጠገቧ ለመድረስ ከሷ ርቄ ተቀመጥኩ።

እብጠቱ ቀስ በቀስ ሟሸሸ። ቀዳዳዎቹ ተራ በተራ ተዘጉ። አፌ የቀኙ ተከፈተ፣ የግራው እምቢ እንዳለ ቀረ። መርፌው አበቃልሽ ስባል አደ ፋጡማ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ጮኹ፤ እኔ ግን ደስታ ከየት እንደሚመጣ ረስቼው ነበር። በቀለ አልጋውን መለሰ። መለሰው፣ ግን እንደ ድሮው አልሆንንም፤ አንድ ጊዜ ብርጭቆ ከተለየ ተመልሶ አንድ አይሆንም።

ከዚያ ፀዳለ መጣች።

ይመኙሻል ናት ይዛት የመጣችው። ከጭነት መኪናው ስትወርድ አድጋለች፣ ፀጉሯ ተጎንጉኗል፣ ጫማ አድርጋለች። እጄን ዘረጋሁ። ጠባሳዬን አየችና የይመኙሻል ቀሚስ ውስጥ ገባች። «እናትሽ ናት፣ ሳሚያት» ይሏታል፣ እሷ አትሰማም። «ተዋት፣ ትልመደኝ» አልኩና ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። መራቅ ለምጄበታለሁ።

ግቢው ውስጥ በቀለ ያን ቀን ያራገፈው የበቆጂ ገብስ ተቆልሏል፤ ከጆንያ የተንጠባጠበ ዛላም መሬት ላይ ነበር። ትልልቆቹ ቡና ጠጡ ሲባባሉ፣ ፀዳለ ከቀሚሱ ሥር ወጣች። ቁልሉን ዞረችው። ከመሬት አንድ ዛላ ከነጢሙ አነሳችና፣ የማን ልጅ እንደሆነች ማን ነገራት፣ ወደ መንጋጋዋ ከተተችው። ቀጭ ሲል ሰማሁት።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ጉንጯን ይዤ ጣቴን አፏ ውስጥ ከተትኩ። ጮኸች። «እማዬ! እማዬ!» እያለች ወደ ይመኙሻል እጇን ዘረጋች፤ እኔ ግን አለቀቅኳትም፤ ከምላሷ ሥር፣ ከጉንጯ ውስጥ፣ ከኋላ ጥርሷ አጠገብ ፈለግኩ። ነከሰችኝ። ባላት ኃይል ሁሉ ነከሰችኝ። ቅርፊቱን አገኘሁት፣ አወጣሁት፤ ጣቴን ግን መልሼ ከተትኩት፣ ይመኙሻል «ኧረ በእመቤቴ፣ ልቀቂያት!» እያለች ክንዴን ስትጎትት እንኳ ማውጣት አቃተኝ።

ጥርሶቿ ሁሉ በቅለው ነበር። ዳር እስከ ዳር በጣቴ ዳሰስኳቸው፤ አንድም የጎደለ የለም። ሲበቅሉ ድዷ እያሳከካት የማንን ጣት ትነክስ እንደነበር ግን አላውቅም።